ሲነኩት የሚያም

ገጽ አቀናባሪው ጥያቄ ማብዛቱ በማተሚያ ቤቱ የታወቀ ነበር። የጡረተኛው መምህር የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገለትና «በል፣ እስኪወጣልህ ጠይቅ» አለው።

የመምህሩ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሕፈታቸው ለሌላ ሰው አይነበብም ነበር፤ የታረሙትን ገጾች በየሐሙሱ የምታመላልሰው ልጃቸው ነበረች። ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ትገባና ከጎኑ ተቀምጣ እርማቱን ታነብለታለች፤ እሱ ይተይባል። መጀመሪያ ሥራው ሩብ ሰዓት ይበቃው ነበር። በዓመቱ ግን ሁለት ሰዓትም አነሰ።

አንድ ሐሙስ «ቴንደር» የሚለው ቃል ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ ጨረታ ማለት አይደለም እንዴ? ጋዜጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እሱ ሌላ ነው፤ አጻጻፋቸው ብቻ ነው የገጠመው። ይሄኛው ቅጽል ነው።»

«ለስላሳ፣ ለጋ፣ ርኅሩኅ...» ብሎ አነበበ። «ቅጠልና ሰው ምን ቤት ናቸው?»

ሳቀች። «እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላም አለው። የበሽተኛውን ሆድ ጫን ስናደርግ ፊቱን ካጨማደደ፣ ካርዱ ላይ እሱኑ ቃል እንጽፋለን። ሲነኩት የሚያም ማለት ነው።»

ዞር ብሎ አያት። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ታዲያ አባትሽ ለምን አላስገቡትም?» አለ ቀስ ብሎ።

«እጠይቅልሃለሁ።»

አልጠየቀችም። አባቷ ሥራቸውን ከሚነኩባቸው ጥርሳቸውን ቢያወልቋቸው ይመርጣሉ። በሳምንቱ በገጹ ኅዳግ ላይ በአባቷ እጅ ጽሕፈት አስመስላ «ሲነኩት የሚያም» ብላ ጻፈችና አመጣችለት።

«ተስማሙ?»

«ተስማምቷል» አለች፣ ጋዋኗን እያጣጠፈች።

ገጹ በሁለት ሺህ ቅጂ ታተመ። መምህሩ አንዱን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ያልጻፉትን ቃል አገኙ። ከዘራቸውን ይዘው ማተሚያ ቤት ደረሱ።

«አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበትን ማነው እጁን የከተተበት?»

ገጽ አቀናባሪው መሳቢያውን ከፍቶ ረቂቁን አየ። ጽሕፈቱን ልብ ብሎ ሲያየው መንቀጥቀጥ የለበትም፤ የማን እንደሆነ ገባው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ።

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ።

ልጅቷ ሐሙስ ስትመጣ ወንበሩ ባዶ ነበር። የሆነውን ከሥራ አስኪያጁ ሰማች። በቀጥታ ወደ ቤት ሄደችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአንተ እጅ ጽሕፈት አስመስዬ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ትቆጣለህ ብዬ።»

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጁስ? ሰው የሌላውን ጥፋት ለምን ይሸከማል?»

«እንጃ» አለች፤ ፊቷ ግን ፍም መሰለ። አባትየው አዩዋት፤ ሌላ አልጠየቁም።

በማግስቱ ሁለቱም አብረው ሄዱ። ገጽ አቀናባሪውን ልብስ ሰፊ እህቱ ሱቅ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክል አገኙት። መርፌውን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ረቂቁን አምጣ» አሉት መምህሩ።

«ጠፋብኝ ጋሼ።»

«ነግራኛለች እኮ!»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ሲያዩት ቆዩ። «ትርጉሙ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አምልጦኛል። የሁለታችሁም ውሸት ግን ልክ አይደለም። ሥራ አስኪያጁን አነጋግሬዋለሁ፤ ሰኞ ግባ።»

«ወይ ጉድ!» አለች እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። «ይሄ ልጅ ዝም ማለትም ይችላል?»

መምህሩ ወጡ። እህትየውም ክር የምትፈልግ መስላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ለምን አልተናገርክም?» አለችው ልጅቷ።

«እኔ ሌላ ሥራ አገኛለሁ። አንቺ ሌላ አባት ከየት ታመጫለሽ?»

እንባዋ መጣ። ልትጠርገው ስትል እጇን ያዘ፤ ይዞም ረሳው።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

«ታገቢኛለሽ?»

ከውጭ የአባቷ ሳል ተሰማ።

«አዎ» አለች። «ግን አሁኑኑ ለአባባ እነግረዋለሁ። ዳግመኛ አልደብቀውም።»

ሱቁ ውስጥ ሆኖ በመስኮቱ ተመለከታቸው። ሮጣ ደረሰችባቸው፤ ክንዳቸውን ያዘች፤ አንድ ነገር ተናገረች። ሽማግሌው መንገዱ መሐል ቀጥ አሉ። ወደ ሱቁ ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩ።

ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡና «ና፣ ና» ብለው ጠሩት።