የመምህር ይሄይስ ጋውን

መምህር ይሄይስ ሞቶ የተገኘው የአራተኛ ክፍል ልጆቹን ሮቦት መሥራት በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ የተላጠ ሽቦ በእጁ እንደያዘ ነው። የቴፒ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የመስኮቶቹ መዝጊያዎች ተዘግተዋል። የኢንስፔክተር ማናልሞሽን ዓይን ከሬሳው ቀድሞ የሳበው ወለሉ ላይ ያለው የጠመኔ መስመር ነበር። በመስመሩ ጫፍ ልጆቹ ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ የሠሯት፣ ጠመኔ የታሰረባት ሮቦት የሟቹ እግር አግዷት ቆማለች።

«ማብሪያውን ሳያጠፋ ነካክቶ ነው። ስንት ጊዜ መክሬው ነበር» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሸዋንግዛው።

ይህ ቃል ከጸና ጥፋቱ የሟቹ ሊሆን ነው፤ ትምህርቱም አብሮት ሊቀበር። የማናልሞሽ እህት ልጅ ህሊና ከተማሪዎቹ አንዷ ናት።

ጸሐፊዋ አሰጋሽ ሱቅ ሄጄ ነበር፣ ጩኸት ሰምቼ ተመለስኩ አለች። ከግቢው ማዶ የሚያስተምረው በድሩ በክፍል ይገባኛል ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልደበቀም።

«ግን ጥንቁቅ ሰው ነበር» አለ። «ግቢውን ተሻግሮ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ያለውን ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ ጋውኑን ይሰቅልበታል። ጋውኑ ካለ ማንም አይነካውም።»

ጋውኑ ግን እዚሁ በር ኋላ ተሰቅሏል። ማናልሞሽ ጨመቅ ስታደርገው ውሃ ወረደው። የሟቹን ሸሚዝ ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ሦስቱንም ጠርታ አቆመቻቸው።

«ልጆቹ ይህቺን ሮቦት ያዘዟት ብርሃን ስታይ እንድትሄድ ነው። መብራቱ ቀድሞ በርቶ ቢሆን፣ እሱ ሳይወድቅ አልፋ ግድግዳው ጋ በደረሰች። ያገኘችው ወድቆ ነው። መብራቱና ሞቱ አብረው መጡ ማለት ነው፤ አንድ ሰው አብርቷል። ያው ሰው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ማብሪያው ጭራሽ ያልጠፋ እንዲመስል ጋውኑን ወደዚህ አመጣ። በድሩና አሰጋሽ በስብሰዋል። የእርስዎ ኮት ግን አቶ ሸዋንግዛው፣ ጠብታ አላረፈበትም።»

ሰውየው ኮታቸውን ዳበሱ። ለኮታቸው ሳስተው የሟቹን ጋውን ደርበው ነበር የሮጡት።

«እንግዶች ሊመጡ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ስለ ሮቦት ትምህርቱ ሪፖርት እያተምኩ አንድ ገጽ ሲቀረኝ መብራቱን አጠፋው። ጨርሶ ይሆናል ብዬ ነው ያበራሁት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ቢጠራም ለልጆቹ አልበጀም፤ ትምህርቱን የሚያውቅ ሌላ መምህር ስላልነበረ ክፍሉ ተቆለፈ። ሮቦቷም ማስረጃ ናትና ማናልሞሽ በገዛ እጇ ካርቶን ውስጥ ከተተቻት።

«መቼ ትመልሽልናለሽ፣ አክስቴ?» አለች ህሊና።

«ፍርዱ ሲያልቅ።» ያኔ ልጅቷ አራተኛ ክፍልን ረስታው እንደምትሆን አውቃለች። ካርቶኑን ብርሃን በማያስገባ ፕላስተር ዙሪያውን አሸገችው።