የግራኟ ስፌት

«ነጩ ክር የት ሄደ?» አለች እቴቴ። የሐር እጅጌውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፤ ገልብጣም አየችው።

የመሳቢያውን አቧራ ስትጠርግ የነበረችው ቀጮ ክው አለች።

እቴቴ የቀጮ እናት ታላቅ እህት ናት። በወጣትነቷ ቀሚስ በልክ በሚሰፋ ስመ ጥር ስፌት ቤት ሠርታለች። ቤቱ ሲዘጋ ሌሎቹ መቀስና ካውያ ሲሻሙ፣ እሷ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን የስፌት ናሙና ለቃቅማ መጣች። ከዚያም ወዲህ አሮጌ ልብስ የሚሸጥበትን ሁሉ ስታስስ ኖራለች። ባለ ዳንቴል ኮሌታ፣ ለሙከራ የተሠራ የቁልፍ ቀዳዳ፣ ከወገብ በታች የሌለው ቀሚስ... አሥራ ሁለት መሳቢያ ሙሉ ቁርጥራጭ! የቀጮ እናት «እትዬ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ የሚለበስ ይጥፋ?» እያለች ትቀልድባታለች። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዛለች፤ ማን እንደሰፋው፣ ማን እንዳሳጠረው፣ ማን እንደፈታው በእርሳስ ተጽፎባታል። የነካ እጅ ሁሉ ይጻፋል፤ የእቴቴ ሕግ ነው።

አረንጓዴውን እጅጌ ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። ለምን እንደሆነ ቀጮ ከእቴቴ አፍ የሰማችው ገና አሁን ነው። እጅጌው ሙያውን ያስተማረቻት ሴትዮ የመጨረሻ ሥራ ነበር። ሴትዮዋ ግራኝ ስለነበረች፣ እጥፋቶቹን ለጊዜው የያዘችበት ነጭ ክር ከሰው ሁሉ ስፌት በተቃራኒ ያዘነብላል። በዋናው ክር ሳትሰፋቸው ታማ ቀረች። ከእጇ የተረፈው እንግዲህ ያ ነጭ ክር ብቻ ነበር።

ቀጮን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባለፈው ሳምንት ክፍላቸው የድሮ ዕቃ ትርዒት ሲያዘጋጅ፣ እቴቴ ሐኪም ቤት በሄደችበት እጅጌውን ሳታስፈቅድ አነሳችው። ያ ነጭ ክር እጅጌውን ፋራ አስመሰለባት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ መዘዘችው፣ ካውያ አሳረፈችበት፣ እጅጌው ፏ አለ። የክፍል መምህሯ ከፍ አድርጋ አሳይታ አስጨበጨበችላት። ከዚያ ወደ መሳቢያው መለሰችው። ማን ያያል ብላ!

«እኔው ነኝ የፈታሁት» አለች እቴቴ ቀስ ብላ። «ከእኔ ሌላ ማን ይነካዋል?»

ከዚህስ ስድብ ይሻል ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠችው የቀጮ እናት እንኳ ይሄኔ አልቀለደችም። እርጅና ነው እትዬ፣ ለሐኪሙ እንንገረው አለች፤ ድምፅዋ ፍርሃት ነበረበት። እቴቴ እርሳሷን አንስታ ከእጅጌው በነቀለቻት ወረቀት ላይ «ክሩን የፈታሁት እኔ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስብስቡን ስጪኝ እያለች ስትለምናት ለኖረችው አሮጌ ልብስ ሰብሳቢ ልትደውል ቀጮን ስልኳን እንድታቀብላት አዘዘቻት። ሙያ ያስተማረቻትን ሴትዮ የእጅ ሥራ ፈትታ የረሳች ሴት ነገ ሌላውን ምን እንደምታደርገው እንዴት ታምናለች?

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀጮ አጠገብ ነበር። አነሳችው። እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ ሰብሳቢዋ ከመጣች ደግሞ ማንም አያውቅም። ስልኩን መልሳ አስቀመጠችና ወደ ደብተር ቦርሳዋ ሄደች። ከኮምፓስ መያዣዋ ውስጥ፣ እናቷ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንዳታይባት የደበቀችውን የክር ጥቅል አወጣች። ክሩ ስፌቱን አልረሳም፤ አሁንም እንደተጠማዘዘ ነው። እቴቴ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«አልረሳሽም፣ እቴቴ። አንቺ አይደለሽም» አለች። የቀረውን፣ አልጋውን፣ ካውያውን፣ ጭብጨባውን ሳይቀር፣ እያለቀሰች ነገረቻት።

እቴቴ አልተቆጣችም። ክሩን በጣቷ ስትዳስስ ቆየች። ቀጮ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም።

«መልሰን ብንሰፋውስ?» አለች እናትየዋ።

«የእሷ እጅ አይሆንም» አለች እቴቴ። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ቀጮ እርሳሱን አነሳች። «እኔ» የሚለውን በላጲስ አጠፋች፤ ቀጥሎም «የፈታሁት» የሚለውን። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አጉልታ፣ «ክሩን» ከሚለው ቀጥላ «የፈታችው፦ ቀጮ። ሳታስፈቅድ» ብላ ጻፈችና ወረቀቷን እጅጌው ላይ መልሳ ሰካቻት።