ወደ አልጋው የመጣው ጠረን

እኔ በጅን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባዮሎጂ የማስተምር ሴት ነኝ፣ ጎረቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምር ሻይዬን አንስቼ ወደ ቤቴ የምገባ፣ እመኑኝ ይህንንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በድሬ ሙቀት አሳብቤ አልፈው ነበር።

ታናሽ እህቴ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ማግስት ደም ፈስሷት ሞተች። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ከቀብሩ በኋላ ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ምን ያድርግ፣ እኔም ለገሀሬ ሰፈር እሷ ቤት ገብቼ ሕፃኑን መያዝ ጀመርኩ። ልጁ ግን ጡጦ እምቢ አለ፣ በማንኪያ ስሰጠውም ይተፋዋል። ያኔ ክፍል ውስጥ ስንቴ ያስተማርኩት ነገር ትዝ አለኝ፣ አጥቢ እንስሳ ሲወለድ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫው ይቀድማል፣ ሕፃንም የእናቱን ጠረን ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ መልመድ ይጀምራል፣ ጡቷንም በማሽተት ነው የሚያገኘው። ሰናይት ቤት ውስጥ የምትለብሰውን ድሪያ ከበሩ ጀርባ አውርጄ ጉንጩ ሥር ባደርግለት፣ ጡጦውን ጥርግ አድርጎ ጠባ።

ከዚያ ግድግዳ የምንጋራቸው አዴ ፋጡማ ሊያግዙኝ ብለው የተጠራቀመውን ልብስ ሲያጥቡ ድሪያውንም አጠቡት።

"ወላሂ አላወቅኩም ልጄ" አሉኝ፣ "የሟች ልብስ እንዴት ቆሽሾ ይቀመጣል ብዬ ነው።"

ልጁ እንደገና አፉን ዘጋ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የለቅሶው ድምፅ ሰልሎ ነበር። አዴ ፋጡማ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደን ባጃጅ ሊጠሩ ወጡ፣ እኔ እሱን አልጋው ላይ አስተኝቼ ዕቃውን እሰበስባለሁ፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ መጋረጃው እንኳ አይነቃነቅም።

ልጁ በድንገት ዝም አለ። ሞተ ብዬ ዞር ስል የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፣ ከበሩ ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ አልጋው ጠርዝ፣ ልክ የሚራመድ ሰው እንደሚከተል፣ ዓይኑ ግን ጭፍን ነው! አፉን ከፍቶ አየሩን መጥባት ጀመረ፣ ሲውጥ የጉሮሮው ድምፅ ይሰማኛል።

አትፍረዱብኝ፣ ደስ አለኝ። "ሰናይት?" አልኩ።

ያኔ ነው ከአልጋው ሥር ፍሽሽ የሚል ነገር የሰማሁት። የሰናይት ድመት እዚያ ካርቶን ውስጥ ወልዳለች፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ዓይናቸው ገና ያልተገለጠ ልጆቿ ሁሉም ወደ አልጋው ጠርዝ ዞረው፣ ትንንሽ አፋቸውን ከፍተው ፍሽ ይላሉ፣ የድመት ልጅ በዚያ ዕድሜው እንዲህ የሚያደርገው የማያውቀው ነገር ሲሸተው ነው። እነሱስ ሰናይትን የት ያውቋታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እናትየዋ ግን፣ ሰናይት ከራስጌዋ እያስተኛች ያሳደገቻት፣ ከደጅ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች፣ አሸተተች፣ ፀጉሯ ተነሣ፣ ልጆቿ እየጮሁ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ሄደች፣ ዳግመኛም አልተመለሰችም።

አዴ ፋጡማ ገቡ። "አልሐምዱሊላህ፣ ጠባ እኮ!" አሉ የልጁን አፍ አይተው።

"አልሰጠሁትም፣ ጡጦው ባዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።"

ከንፈሩ ጥግ ላይ ነጭ ጠብታ ነበረች። በጣታቸው ጠረጉና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ፊታቸው ተለወጠ፣ ልጁን አንስተው ወደ ባጃጁ ሮጡ።

ልጁ ተርፏል፣ አሁን ጡጦ ይጠባል፣ ወፍሯልም። ያን ቀን ምን እንደሸተታቸው ስጠይቃቸው ግን አዴ ፋጡማ "ተይው አቦ" ይሉና ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ።