የማክሰኞዋ ምልክት

ጭብጨባው አላቆም አለ። ስድሳ የሚሆኑ የሆቴል ሰዎች ሻያቸውን ትተው፣ ከወንበራቸው ተነሥተው እያጨበጨቡላት ነው። የሆቴል ሰው ደግሞ ማጨብጨብ ያውቅበታል፤ ለሙሽራውም፣ ልደት ለሚያከብረውም፣ ንግግሩን ለጨረሰ ባለሥልጣንም ሲያጨበጭብ ስለኖረ መዳፉ የተገራ ነው። ሚጡ ግን የጫማዋን ጫፍ እያየች ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«ቀና በይ እንጂ!» አለች እናቷ በክርኗ ጎሸም እያደረገቻት። «ሰው ሲያመሰግንሽ እንዲህ ይኮናል?»

«ይቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ባትኖር ኖሮ፣» አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «ዛሬ የምንገናኘው ለቀብር ነበር!» ሊቀመንበሯ የአንድ ትልቅ ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከመጥበሻ ጩኸት በላይ ሲናገሩ ስለኖሩ ማይክሮፎኑ ለእሳቸው ጌጥ ነው።

ጭብጨባው እንደገና ደመቀ። እውነቱን በአዳራሹ ውስጥ የምታውቀው ሚጡ ብቻ ናት። ጋሽ መዝገብን አላዳነቻቸውም። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሙሉ ወለል ላይ የተወቻቸው እሷ ናት።

የከተማው የሆቴል ባለሙያዎች ማኅበር በወር አንድ እሑድ፣ በየተራ በአንዱ ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባል። ሪሴፕሽኒስቱ፣ አስተናጋጁ፣ ሼፉ፣ አልጋ አንጣፊዋ ሁሉ ይመጣል። ይተዋወቃሉ፣ ካርድ ይለዋወጣሉ፣ አለቆቻቸውን ያማሉ። ሥራ የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አዳራሽ ሌላ ሥራ አግኝቶ ነው የሚወጣው። ከዚህ ሌላ ማኅበሩ ለከተማው ሰው የሚያደርገው ነገር አለ። ያረጁ ግን ንጹሕ የሆኑ አንሶላዎችን ለጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ «የማለዳ ስልክ» የሚሉት ነገርም አላቸው።

የማለዳ ስልክ ሐሳቡ ከራሱ ከሆቴል ሥራ የመጣ ነው። እንግዳ ማታ «ጠዋት በዚህ ሰዓት ቀስቅሱኝ» ይላል፤ ኦፕሬተሯ በሰዓቱ ትደውልለታለች። ማኅበሩ ይህንኑ ብቻቸውን ለሚኖሩ አሥራ አንድ አረጋውያን በነጻ ያደርጋል። ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደወላል። ካነሡ፣ ደብተር ላይ ከስማቸው ፊት ምልክት ይደረግና ያሉት በአጭሩ ይጻፋል። ካላነሡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። አሁንም ካላነሡ የሆቴሉ ሹፌር ሄዶ በራቸውን ያንኳኳል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሕፃን ልጅም አይስተውም።

የሚጡ እናት የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ሦስት አረጋውያን ደርሰዋታል። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ፈረቃዋ ሌሊት ሆነና አንድ ሰዓት ላይ ገና መንገድ ላይ ነች። ሊቀመንበሯን አስፈቅዳ ደብተሩን ለሚጡ ሰጠቻት። «የአንቺ ድምፅ ከእኔ ይጥማል፣» አለቻት፤ ሚጡም ደስ ብሏት ተቀበለች።

ከሦስቱ የመጨረሻው ጋሽ መዝገብ ናቸው። አርባ ዓመት በአስተናጋጅነት ሲሠሩ አንድም ቀን ትእዛዝ ወረቀት ላይ ጽፈው አያውቁም። አሥራ ሁለት ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄደው፣ ሁሉንም ሰምተው፣ የማንንም ከማንም ሳያምታቱ ያቀርቡ ነበር። «መዝገብ» የሚለውን ቅጽል ስም ያገኙት ከዚያ ነው። አንድ ችግር ቢኖርባቸው ወሬ ነው። «ደህና አደሩ?» ለሚለው ጥያቄ የእሳቸው መልስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ማክሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበር። ሚጡ አርፍዳ ተነሣች። ለሁለቱ አሮጊቶች በጥድፊያ ደወለችና ሰዓቱን አየች። «ጋሽ መዝገብ እንደሆኑ ምንም አይሆኑም፣» አለች በሆዷ። ስልኩን ሳታነሣ ምልክቱን አደረገች። ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ከጎኑ ጻፈችበት፤ «ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ትንሽ አሞኛል ብለዋል።» ዘወትር ስለ ጉልበታቸው ስለሚያወሩ ያመጣችው ነው። ከዚያ ሮጣ ፈተናው ላይ ደረሰች።

ረቡዕ ደወለች፤ አያነሡም። ደገመች፤ አያነሡም። ሹፌሩ በሩን ሰብሮ ገባና መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አገኛቸው። እግራቸው ተሰብሯል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ነፍሳቸው ግን አለች። ሹፌሩ በኋላ ሲያወራ፣ ጋሽ መዝገብ መጀመሪያ የተናገሩትን ሚጡ ሰማች። «ስልኩ ምነው ዝም አለ?» ነበር ያሉት።

ያቺ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አለቀቀቻትም። ጥርሷን ስትቦርሽ ትሰማታለች። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ክፍሉ ጸጥ ሲል ትሰማታለች። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የቤታቸውን መታጠቢያ ቤት ዘግታ፣ ጉንጯን ሴራሚኩ ላይ አድርጋ ተኛች። ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ማወቅ ፈልጋ ነው። ከታች ሲያዩት የበሩ እጀታ በጣም ሩቅ ነው። ሰዓቷን ይዛ ነበር፤ አራት ደቂቃ እንኳ አልቻለችም። እሳቸው፣ ማክሰኞ ሳይነጋ ወደቅኩ እንዳሉት፣ ሃያ ስድስት ሰዓት ነው የተኙት። እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለች አለቀሰች።

ዓርብ ዕለት ለዴስክ ጓደኛዋ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስላ አወራቻት።

«ሰውዬው ተርፎ የለ እንዴ?» አለች ጓደኛዋ ማስቲካዋን እያላመጠች። «ታዲያ ልጅቷን ምን አጨናነቃት?»

«ዋሽታለች እኮ።»

«ማን አየ? አታካብጂ ባክሽ!»

ማንም አላየም። ሚጡን እንቅልፍ የነሣትም ይኸው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባው ሲበርድ ማይክሮፎኑን የጋሽ መዝገብ ልጅ ተቀበለች። ከሌላ ከተማ በሰማች ዕለት የመጣች፣ ዓይኗ በድካም ያበጠ ሴት ናት።

«ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣» አለች። «ይቺን ልጅ ደግሞ በተለይ። አባቴ…» ማይክሮፎኑን በሌላ እጇ ያዘች። «አባቴ ማክሰኞ ስልኩ አልጮኸም ብሎ ይከራከራል። ደብተሩ ላይ ግን አንሥቶ አውርቷል፤ ስለ ጉልበቱ ሳይቀር ተናግሯል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ፣ እግሩስ ይድናል፣ አእምሮው ግን መድከም ከጀመረ ብቻውን መኖር የለበትም አለኝ። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ቤቱን እንዘጋዋለን። አልሄድም እያለ ነው፤ ግን ምን ላድርግ?»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሚጡ የደብተሩን መስመር አስታወሰች። ጉልበታቸውን የጻፈችው እሷ ናት። ሰውየው በአእምሯቸው ሲኮሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ደግሞ በአንዲት መስመር አሳበደቻቸው።

እጇን ልታወጣ ፈለገች። ልክ በዚያች ደቂቃ አንድ ሱፍ የለበሱ ሰው ወደ እናቷ ጠጋ አሉ። በቅርቡ የሚከፈት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። «ሪሴፕሽኑን የሚመራልኝ ሰው ስፈልግ ነበር፣» አሏት ካርዳቸውን እየሰጧት። «ልጇን እንዲህ ኃላፊነት ያስተማረች ሴት ካገኘሁ ሌላ ሰው አልፈልግም። ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ። የቀን ሥራ ነው።»

እናቷ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከስብሰባው በኋላ ጋሽ መዝገብን ሊጠይቁ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ታክሲ ውስጥ አውጥታ አየችው፤ መለሰችው፤ ደግማ አወጣችው። «የቀን ሥራ አለኝ እኮ ሚጡ፣ ሰማሽ?» አለች። «ማታ ማታ አብረን ልናመሽ ነው።» ሚጡ በመስኮቱ እያየች ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ መዝገብ እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከወትሮው አንሰዋል። ሊቀመንበሯ ስለ ቁርሳቸው ሲጠይቋቸው «ደህና ነው» ብቻ አሉ። ሃያ ደቂቃ የሚያወሩት ሰውዬ በሁለት ቃል ጨረሱ። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው፣ ሊቀመንበሯና የሚጡ እናት ስለ ጉዞው ሊነጋገሩ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሚጡ ከእሳቸው ጋር ቀረች።

ጋሽ መዝገብ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«ሚጡዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትስቂብኝ።»

«አልስቅም ጋሼ።»

«ስወድቅ ገና አልነጋም ነበር። ከዚያ መስኮቱ ሲነጣ አየሁ። አሁን አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ሚጡ ትደውላለች አልኩ። ተነሥቼ አላነሣውም፤ ግን ካላነሣሁ ትደግማለች፣ ከዚያ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። አልጮኸም። ይኼ ነው በአእምሮዬ ያለው።» ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ። «ደብተሩ ግን አንሥተሃል ይላል። ጉልበቴን አመመኝ ብያለሁ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምለው ነገር ነው፤ እንዴት ልካደው? እንግዲህ ያየሁት ቅዠት ነው ማለት ነው።»

ሚጡ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች።

«ስለዚህ ንገሪኝ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማክሰኞ ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ ምን አልኩሽ? አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ቀሪው ይመጣልኛል። ዱሮም እንዲህ ነበር፤ አንዱን ሳህን ካስታወስኩ ጠረጴዛው ሁሉ ይመጣልኝ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ።»

ዓይናቸው አፏ ላይ ነው። አንድ ተማሪ ፈተና ላይ ጎኑ ያለውን ልጅ ሲለምን እንዲህ ነው የሚያየው። ሚጡ እናቷን አሰበች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ካርድ አሰበች። «ደህና ነኝ አሉኝ» ብትል ያበቃል። እሳቸው ያምኗታል፣ ደስ እያላቸው ያምኗታል፣ በሌላ ሰው ከተማ፣ በሌላ ሰው ቤት ተቀምጠው ያቺን ቃል ሲፈልጉ ይኖራሉ።

«ምንም አላሉኝም፣» አለች።

«ምንም?»

«አልደወልኩም ጋሼ። ፈተና ነበረብኝ፣ አርፍጄ ነበር። ሳልደውል ምልክት አደረግኩ። የጉልበቱንም ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

ጋሽ መዝገብ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ድገሚው፣» አሉ።

«ማክሰኞ ስልኩ አልጮኸም።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን እየሳቁ እንደሆነ አየች፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ይስቃሉ። «አልጮኸም!» አሉ አልጋውን በመዳፋቸው እየመቱ። «አላልኳቸውም? አልጮኸም አላልኩም? ጤነኛ ነኝ! አምላኬ፣ ጤነኛ ነኝ እኮ!»

ሚጡ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እጇን የምታስቀምጥበት አጣች።

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ጋሽ መዝገብ ፊታቸውን በአንሶላው ጠረጉና አዩዋት፤ አሁን እሷን ራሷን ነው ያዩዋት። ከዚህ በፊት ሰው እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«አንድ ቀን ሙሉ ሚጡ፣» አሉ። «ውኃው ከቧንቧው ሲንጠባጠብ እየሰማሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«አሁን አልችልም።» ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለእኔ ነግረሽኛል። ለልጄ ግን እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

ሚጡ ተነሣች። ከበሩ ወዲያ የእናቷ ሳቅ ይሰማል፤ ሊቀመንበሯ ስለ አዲሱ ሆቴል የሆነ ቀልድ ነግረዋት መሆን አለበት። እናቷ እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ከሰማቻት ቆይታለች። በሩ ጋ ቆመች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ እጀታውን ወደ ታች ተጫነች።

ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

«እማዬ፣ አዝናለሁ፣» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ወደ ጋሽ መዝገብ ልጅ ዞረች። «እትዬ፣ አባትዎ ልክ ናቸው። ማክሰኞ ስልኩ አልጮኸም።»

የእናቷ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚጡ አየችው፤ ግን አላቆመችም። ሰዓቱን እንዴት እንዳየች፣ ምልክቱን እንዴት እንዳደረገች፣ ስለ ጉልበታቸው ምን ብላ እንደጻፈች አንድም ሳታስቀር መናገር ጀመረች።