ውሃውን ማን ጠጣው?

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። የሆነውን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

የባሕር ዳርቻ ከተማችን ሞናስቲር። ሐምሌ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

በሙቀቱ ወራት ሁሉም ሥራ የሚዘጋው በስምንት ሰዓት ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ የቀረነው እኔና አክስቴ እንደማለት ኻልቲ የምላት የፅዳት ሠራተኛዋ ሞንጂያ ብቻ ነበርን።

ሰባት ወር የለፋሁበት ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። በዓይን የማይታዩ ድቡልቡል የመስታወት ቅንጣቶችን ውሃ ውስጥ ትበትኑና ስስ መስታወት ታቆሙበታላችሁ። ውሃው ቀስ እያለ ሲተን፣ ቅንጣቶቹ ማንም ሳይነካቸው መስታወቱ ላይ ይደረደራሉ። ቀለም ሳይቀቡ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴ ያበራሉ። ትንፋሽ ካገኛቸው ደግሞ እርጥበቱ መሃላቸው ሲገባ ቀይ ይሆናሉ። ሲደርቁ ይመለሳሉ።

ችግሩ... ይሰነጠቃሉ።

አርባ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። አርባ አንዴም ተሰነጠቀ! በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲያስነጥስ፣ ነፋስ ሽው ሲል... አንጀቴ አረረ።

አማካሪዬ ሼድሊ፣ ሁላችንም በአክብሮት ሲ ሼድሊ የምንለው፣ ቁርጤን ነግሮኝ ነበር።

"ዶርሳፍ፣ እስከ ሐሙስ አንድ ያልተሰነጠቀ አምጪ። አለዚያ ቦታሽን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ።"

ማክሰኞ ዕለት አዲስ ሙከራ ከነውሃ ብርጭቆው አስገባሁና በንዴት የማድረቂያውን የመስታወት ሣጥን ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። ሁለት ዙር።

ረቡዕ በስምንት ሰዓት፣ ሌሎቹ ሲወጡ፣ ሣጥኑን ላየው ስመጣ ኻልቲ ሞንጂያ ከሣጥኑ ፊት ቆማለች።

"ልጄ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "እዚህ ውስጥ ምን አስገባሽ?"

"ውሃና መስታወት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይኖራል ኻልቲ! በናትሽ አታድክሚኝ።"

"ጠዋት ስወለውለው... ሲጎነጭ ሰማሁት።"

አምስት ጣቶቿን ወደ ሣጥኑ ዘረጋች፤ ክፉ ዓይን ሲያባርሩ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ባልዲዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

አንድም ስንጥቅ የለም! ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ውሃ የነበረበትን ብርጭቆ አየሁት።

ደርቋል።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ... በንዴቴ ለእንፋሎቱ መውጫ የተተወችውንም ቀዳዳ አሽጌያታለሁ። ውሃው መውጫ የለውም። የሣጥኑ ግድግዳ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም። ፕላስተሩም አልተነካም።

ታዲያ የት ሄደ?

መስታወቱ ቀላ።

ተመለሰ... አረንጓዴ።

ቀላ...

አረንጓዴ...

ቀስ ብሎ። እንደተኛ ሰው ትንፋሽ።

የኔ ትንፋሽ ይሆን? ግን እኮ ሣጥኑ ታሽጓል! ትንፋሼን ያዝኩ።

እሱም ያዘ።

መስበር ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ሰባት ወር! ሌላ የለኝም! ሐሙስ ጠዋት ሣጥኑን እንደታሸገ ተሸክሜ ሲ ሼድሊና አራት ፈታኞች ፊት አስቀመጥኩት።

"ለምን አሸግሽው?" አለ ሲ ሼድሊ እየሳቀ።

"አይከፈት... እንዲሁ እዩት።"

"ምን ሆነሻል አንቺ? ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸፋፍኚው!"

ፕላስተሩን በምላጭ ቀደደው።

ምንም አልሆነም። መስታወቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት፤ ተቀባበሉት፤ ተደነቁ። አንዱ ፈታኝ እፍ አለበት። እንደሚገባው ቀልቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በራሱ አልቀላም።

"እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ ሲ ሼድሊ። "ቦታሽ ያንቺ ነው።"

ንግግር ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ሊያርስ ብርጭቆውን አነሳና ወደ አፉ አስጠግቶ ቆመ። ገልብጦ አየው።

ጠረጴዛው ላይ አምስት ብርጭቆ ውሃ ነበር። እስከ አፋቸው የሞላኋቸው እኔው ነኝ።

አምስቱም ደርቀዋል።

ማንም ገና አልጠጣም ነበር...