የላይኛው ኪስ

«ካልሲ፣ የሱፍ፣ ሦስት ጥንድ።»

«ገባ።»

«የእጅ ባትሪ፣ ከነትርፍ ድንጋዩ።»

«ገባ።»

«የዝናብ ልብስ። ይኼ የመጨረሻው ነው።»

«ገባ አልኩሽ እኮ!»

«መቼ አልክ? ገና አሁን መጥራቴ ነው» አለች ልጅቷ፣ ዝርዝሩን ዝቅ አድርጋ ወንድሟን እያየች። «ምን ያጣድፍሃል? ተራራው እንደሆነ እግር የለው፣ አይሸሽህ።»

ወንድሟ ሳይስቅ የቦርሳውን ገመድ ጠበቅ አደረገ። በወትሮው በሷ ቀልድ ለመሳቅ የሚቀድመው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤታቸው የተጓዦች ክበብ ለአራት ቀን ተራራ ሊወጣ ነው። ክበቡ ከዘጠነኛ ክፍል በታች አይቀበልም። ወንድሟ እሷ እስክትደርስ ሦስት ዓመት ሙሉ «ከቁንጫዬ ጋር ነው የምወጣው» እያለ ጠብቋታል። አሁን እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከዚህ በኋላ አብረው የሚወጡበት ጊዜ የለም።

አባታቸው ተጓዦችን ተራራ እየመራ የሚያወጣ ሰው ነው። ዛሬም ስልክ በማይሠራበት ከፍታ ላይ ሌሎች እንግዶችን ይዞ ይገኛል። ለልጆቹ ያስተማራቸው ሁለት ደንብ ነበር። አንደኛው፣ ማንም ሰው የራሱን ቦርሳ አይፈትሽም፤ «የራሱን የሚፈትሽ ሰው ዓይኑ ያዳላል» ይላል። ሁለተኛው ስለ ላይኛው ኪስ ነው። «እሱ ኪስ ያንተ አይደለም። አንተ መናገር ሲያቅትህ የሚያነሳህ ሰው ኪስ ነው።»

«በል፣ ቦርሳ እንለዋወጥ» አለች።

«የኔን ተይው፣ ቁንጫ። እኔ ቦርሳ የማሰናዳት ልምድ አለኝ።»

«አባዬስ ልምድ የለውም? እሱም እኮ እማዬን ነው የሚያስፈትሻት።»

ወንድሟ «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ ኮዳውን አንሥቶ ውሃ ሊሞላ ወጣ። ልጅቷ የሱን ቦርሳ ወደ ራሷ ጎተተች። ከላይኛው ኪስ ጀመረች፤ ፊሽካ፣ ፕላስተር፣ የእናታቸው ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን። ከሥር ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱ መስሏት ዘረጋችው።

የሆስፒታል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። ቀኑ ያለፈው ሳምንት ነው። ግማሹ ባይገባትም ይሄ ገባት፦ የልብ ቫልቭ መጥበብ፤ ከባድ ሸክም እንዳይሸከም፤ ከፍታ ቦታ እንዳይወጣ። ከግርጌው በወንድሟ የእጅ ጽሑፍ፣ «ራሴን ስቼ ካገኛችሁኝ ይህን ለሐኪም አሳዩ። ለእናቴ ቀስ ብላችሁ ንገሯት» ይላል።

ባለፈው ሳምንት እናታቸው ከጉዞው በፊት ተመርመር ብላው ብቻውን ሆስፒታል ሄዶ ሲመለስ፣ «ዶክተሩ ሂድ ብሎኛል!» ብሎ ሲጮህ ትዝ አላት። እናታቸው ስፌቷን አቋርጣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነበር። ከዚያ ደግሞ ደረጃው ትዝ አላት። ሰሞኑን የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ እየቆመ የጫማውን ማሰሪያ ያስር ነበር። «ማሰሪያህ ምን ቢሆን ነው ቀኑን ሙሉ የሚፈታው?» ብላ ስቃበታለች።

ወንድሟ ሲመለስ ወረቀቱን በእጇ ይዛ አገኛት። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ከግድግዳው ወዲያ የእናታቸው የስፌት መኪና ይንጣጣል፤ ተላቆ የነበረውን የቦርሳውን የወገብ ቀበቶ እየጠገነችለት ነው።

«አነበብሽው?»

«ለምን ይዘኸው ትሄዳለህ?»

«ድንገት ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ማወቅ አለበታ።»

«የሚያነሳህ እኮ እኔ ነኝ!»

ይህን እንዳላሰበበት ፊቱ ላይ ታወቀ። ኮዳውን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አራት ቀን እኮ ነው» አለ። «ከኋላ ቀስ እያልኩ ነው የምሄደው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ስንመለስ እኔው እነግራታለሁ።»

«ባትመለስስ?»

«አታሟርቺ!»

«ያሟረትከውማ አንተ ነህ፤ ያውም በእጅህ ጽፈህ!»

ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እንቢ አለው። «መቼም አትወጣም ነው ያለኝ ዶክተሩ። ዘንድሮ ብቻ እኮ አይደለም። መቼም። እኔ እኮ አባዬን ነበር የምሆነው፣ ቁንጫ። ሌላ ነገር መሆን አስቤ አላውቅም።»

ዝም ብትል ነገ አውቶቡሱ ውስጥ ሲዘፍን ታየዋለች። ብትናገር ምናልባት ዓመቱን ሙሉ ዓይኗን አያይም። አምላኬ፣ ለምን የላይኛውን ኪስ ከፈትኩ አለች በልቧ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ደብዳቤውን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረች።

«የዝናብ ልብስ።»

ልብሱን ከቦርሳው ስባ አወጣችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«የእጅ ባትሪ፣ ከነትርፍ ድንጋዩ።»

ባትሪውንም ከልብሱ አጠገብ አደረገችው።

«ካልሲ፣ የሱፍ፣ ሦስት ጥንድ።»

«እባክሽ...»

እንባዋ ዝርዝሩ ላይ ጠብ አለ። በእጅጌዋ ጠረገችው። «ካልሲ» አለች ደግማ፣ «የሱፍ፣ ሦስት ጥንድ።»

«ወጣ» አለ ወንድሟ፣ ከተቀመጠበት ተንጠራርቶ ካልሲዎቹን አልጋው ላይ እየዘረገፈ።

«ጓንት።»

ይሄኔ ከአልጋው ወርዶ አጠገቧ ተንበረከከ። ጓንቱን ራሱ አወጣና የሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተው። «ያንቺ ሳሳ ያለ ነው» አለ።

«እኔም አልሄድም።»

«ትሄጃለሽ። ቢያንስ አንዳችን እንየው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እናታቸው ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገባች። «ይኸው ጌታዬ፤ በድርብ ክር ነው የሰፋሁት። ዝሆን ቢንጠለጠልበት ንቅንቅ አይል!» ከዚያ ባዶውን ቦርሳ አየችው። «ምነው ልጆቼ? እስካሁን አልከተታችሁም?»

ልጅቷ ደብዳቤውን ከጭኗ ላይ አንሥታ ቆመች።

«እማዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ቀጥሎ ተነሣና አልጋው ላይ የተዘረገፉትን ካልሲዎች በክንዱ ሰብስቦ ለእናቱ ቦታ ለቀቀላት።