የባለቤት ስም

«ውሻው ያንቺ አይደለም አላልኩም» አለች የእንስሳት ሐኪሟ ፋኢዛ። «ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ስም ያንቺ አይደለም ነው ያልኩሽ።»

ፋና ጨሳለች። ቦንዳ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ከጎጃም በረንዳ እስከ አውቶቡስ ተራ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ዛሬ ጭድ ተራ አንዲት ሴትዮ «ክሊኒክ ወስደውታል» ስትላት አባቷን እየጎተተች መጣች። ይኸው፣ ፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ጅራቱን እየቆላ ያያታል፤ መውሰድ ግን አትችልም!

«ታዲያ ቆዳው ሥር ቺፑን ለምን ከተታችሁለት? ሲጠፋ እንድትደውሉልን አይደል እንዴ?»

«ደወልንማ! ዛሬ ጠዋት በማንበቢያው አየነው፣ ቁጥሩ መጣ፣ ደወልን። ሴትየዋ ‹እኔ ውሻ የለኝም› ብላ ዘጋችው። ነገ ለሌላ ሰው ልንሰጠው ነበር።»

«የቷ ሴትዮ?»

ፋኢዛ ስክሪኑን አዞረችላት። «የባለቤት ስም፣ አልጋነሽ ከተማ።»

የፋና ጆሮ ጋለ። እናቷ ናት። ከአባቷ ተለያይታ አዳማ ከገባች ሁለት ዓመቷ። ቦንዳ የመጣው ደግሞ አምና ነው። አይታው እንኳን አታውቅም።

ዞረች። አባቷ ሶሬሳ በሩ ጋ ቆሟል፣ የሚሸጠው ጆንያ ብናኝ ልብሱ ላይ አለ።

«አባዬ! ፎርሙን የሞላኸው አንተ አይደለህ? የሷን ስም ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

አባቷ ኮፍያውን አወለቀ። «‹የባለቤት ስም› ይላላ። ሚስትህ ማን ናት ያለኝ መስሎኝ ነው።»

ፋኢዛ ሳቋ አመለጣት። ፋና ግን ባሰባት።

«የውሻው ባለቤት ነው እኮ! የውሻ ክሊኒክ ስለ ሚስትህ ምን አገባው? ደግሞ ሚስት የለህም! ጥላን ሄዳለች፣ በቃ!»

አባቷ ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረው።

«በቃሌ የማውቀው ቁጥር የሷ ነው» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «እጄ ዝም ብሎ ጻፈው።»

ፋና ፊቷን ወደ ቦንዳ አዞረች።

«ስም እንድንቀይር እሷ እሺ ማለት አለባት» አለች ፋኢዛ። «ደውይላት።»

«አልደውልም!» እናቷ ከሄደች ጀምሮ ስትደውልላት ፋና አንስታላት አታውቅም። ቦንዳ ፍርግርጉን ቧጠጠው፣ አሁንም ቧጠጠው። «ኡፍፍ!» ስልኳን አወጣች።

ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ። «ፋናዬ? ምን ሆንሽብኝ?»

«ምንም። ጠዋት የደወሉልሽ ሰዎች… ውሻው የኔ ነው። እሺ በያቸው።»

«ውሻ አለሽ እንዴ? ማን ይባላል?»

«ቦንዳ። የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ላይ ተኝቶ ነው ያገኘሁት።»

እናቷ ሳቀች። ፋናንም ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት፤ ስልኩን ቶሎ ለፋኢዛ ሰጠቻትና ተገላገለች።

አዲስ ፎርም መጣ። የባለቤት ስም የሚለው ላይ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭና «ፋና ሶሬሳ» ብላ ጻፈች። ከታች አንድ መስመር ቀረ፦ «ሌላ የሚደወልለት ሰው»።

«የኔን ቁጥር ልንገርሽ?» አለ አባቷ።

«አውቀዋለሁ።»

እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች። በሁለቱም እንደተናደደች ናት፣ አልበረደላትም። ከዛ የእናቷን ቁጥር በቃሏ ጻፈችው። ስልኳን አላየችም፣ ማንንም አልጠየቀችም።

አባቷ አጎንብሶ አነበበው። ኮፍያውን አጠለቀና ፍርግርጉን ሊከፍት ሄደ።